እማዬን ይዘን የአርጀንቲና ጨው ሜዳ በመኪና፣ 4,170 ሜትር ትችለው ይሆን?

ሽምብጥ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ለየት ያለ ነው፣ ግን እዚህ ቤት ያልዞረበት አገር የሌለ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።

ታናሽ እህቴ አርጀንቲና ሳልታ የምትባል ከተማ ያለ ልጅ ልታገባ ነው። ሰርጉ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፣ ፍልሰታ ሳይገባ ይለቅ ብላ ቀኑን ያስያዘችው እማዬ ናት። ከባህር ዳር እኔ፣ ወንድሜና እማዬ እንሄዳለን። ቪዛና ትኬቱ እየተስተካከለ ነው እሱ አያስጨንቀኝም፣ የሚያስጨንቀኝ ከሰርጉ በኋላ ያለው ነው። ሙሽራው በጣም ደግ ልጅ ነው፣ በመኪና ላዙራችሁ ብሎ ፕሮግራም ልኮልናል፣ ከሳልታ ሌሊት ተነስተን ሳን አንቶኒዮ ዴ ሎስ ኮብሬስ በምትባል ከተማ አድርገን፣ ሳሊናስ ግራንዴስ የሚባለውን ጨው ሜዳ አይተን፣ ከዛ ተራራው ባለ ብዙ ቀለም የሆነባት ፑርማማርካ የምትባል መንደር ወርደን፣ ማታ ሳልታ ተመልሰን እንተኛለን ይላል። ሁሉንም በአንድ ቀን!! ፎቶዎቹን ሳይ ልቤ ጠፋ፣ ከፍታውን ጎግል ላይ ሳይ ደግሞ ልቤ ወረደ። 4,000 ምናምን ይላል።

እማዬ 64 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት ኪኒን ትወስዳለች፣ ሌላ ምንም የላትም እግዚአብሔር ይመስገን። ዘጌ ስንሄድ ከጀልባ ወርደን እስከ ዑራ ኪዳነ ምህረት ያለውን ዳገት ከኔ ቀድማ ነው የምትወጣው። ግን ዘጌ ሌላ ይሄ ሌላ ነው መሰለኝ። ደግሞ የምንዞርበት ሰሞን ፍልሰታ ይገባል፣ እሷ ጾም አትፈታም፣ እዛ አገር ደግሞ ስጋ ብቻ ነው የሚበላው ይባላል። የአጎቴ ልጅ በበኩሉ ሳሊናስ ምን ይሰራል ቦሊቪያ ኡዩኒ ሂዱ እንጂ፣ ሰማይ መሬት ላይ እንደ መስታወት የሚታየው እዛ ነው እያለ ወንድሜን ልቡን ሰቅሎታል። የሄደ ወይም የሚያውቅ ካለ ፕሊስ ንገሩኝ፣ ሙሽራውን ቅር ሳላሰኝ ምን ልበለው?

አሞሌ

ጨው ለማየት አርጀንቲና ድረስ? ኧረ ጉድ ነው። አፋር አሳሌ ሐይቅ እያለላችሁ፣ ዳሎል እያለላችሁ። ፈረንጁ ከዛ ወደኛ ይመጣል እኛ ወደነሱ።

ከኮርዶባ

አሞሌ ባክህ፣ ልጅቷ ሰርግ ነው የምትሄደው፣ ሄዳ አይኗን ጨፍና ትመለስ? ደግሞ አሳሌና ዳሎል ከባህር ጠለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብለው ያሉ ናቸው፣ ችግራቸው ሙቀቱ ነው። ሳሊናስ 3,450 ሜትር ላይ ነው፣ ችግሩ አየሩና ብርዱ ነው። አንዱን ያየ ሌላውን አየሁ አይልም።

ሽምብጥ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ የምኖረው ኮርዶባ ነው፣ ሳልታና ጁጁይ በስራ እመላለሳለሁ መንገዱን አውቀዋለሁ። የሙሽራው ፕሮግራም ከራሱ ያመጣው አይደለም፣ የአስጎብኚ ድርጅቶች የሚሸጡት የተለመደ ዙር ነው፣ እሱ እዛው አካባቢ ተወልዶ ስላደገ ምንም አይመስለውም። ለእናትሽ ግን አይሆንም። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሳን አንቶኒዮ እስከ ጨዉ ያለው ኮረኮንች ነው፣ ይሄ ራሱ ያደክማል ግን ዋናው እሱ አይደለም። ሳልታ 1,150 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከባህር ዳር በብዙ ዝቅ ትላለች። ከዛ ተነስታችሁ ረፋድ ላይ አብራ ብላንካ የሚባል መተላለፊያ 4,080 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ምሳ ሳን አንቶኒዮ 3,775 ላይ ትበላላችሁ፣ ከዛ ጨዉ 3,450፣ ከዛ ሊፓን የሚባለውን ዳገት ለመሻገር እንደገና 4,170። ማለትም ሰውነት ሳይለምድ ቀኑን ሙሉ ላይ ነው የሚውለው፣ ከመሃል አሞኛል ብትል ደግሞ በየትኛውም በኩል ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለባችሁ። ይሄኛው ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ሙሽራውን እንዲህ በይው፣ ዙሩን ገልብጠህ በሶስት ቀን አድርግልን። ከሳልታ ወደ ሳን ሳልቫዶር ዴ ጁጁይ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ ኮርኒሳ የሚሉት በጫካ ውስጥ የሚጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ነው፣ በጣም ያምራል ግን መኪና የሚያዞረው ሰው ካለ ይቅርባችሁ፣ ሌላው ረዘም የሚል ሰፊ መንገድ ነው። ከጁጁይ ከተማ 65 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ፑርማማርካ ናችሁ፣ 2,324 ሜትር። አዲስ አበባ በሉት። እናትሽ አዲስ አበባ ሄዳ አሞኝ ካላለች እዚህም አይላትም። እዛ ወይም ትንሽ አለፍ ብላ ቲልካራ እደሩ። በነጋታው ወደ ጨዉ አትሂዱ! በሸለቆው ውስጥ ብቻ ቀስ እያላችሁ ወደ ሰሜን፣ ቲልካራ፣ ኡኪያ፣ ኡማዋካ። ኡማዋካ 3,000 ሜትር ገደማ ናት፣ ውላችሁ ተመልሳችሁ ዝቅተኛው ላይ ተኙ። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ወደ ጨዉ፣ 65 ኪሎ ሜትር ሙሉውን አስፋልት ነው። 4,170ዋን በመኪና ታልፏታላችሁ፣ ጨዉ ላይ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ለምሳ ፑርማማርካ ትመለሳላችሁ። ስሜቱ ጥሩ ካልሆነ የሚወርዱበት ቦታ ቅርብ ነው፣ እዛው የመጡበት።

ሸለቆው ራሱ ኬብራዳ ዴ ኡማዋካ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2003 ላይ ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፣ በኔ እይታ ከጨዉ ይበልጣል። ፑርማማርካ ጀርባዋ ላይ ያለው ባለ ሰባት ቀለም ኮረብታ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ነው የሚታየው፣ ከሰዓት ይደበዝዛል። ቀዩ ብረት ያለበት አፈር ነው፣ አረንጓዴው መዳብ፣ ንብርብሩ በተለያየ ዘመን ባህርና ወንዝ ያስተኛው ነው፣ ኋላ መሬቱ ተገፍቶ ሲነሳ ተጣሞ ቆመ። ከኮረብታው ጀርባ ሎስ ኮሎራዶስ የሚባል የእግር መንገድ አለ፣ ቀላል ነው፣ እናትሽ ዘጌን የምትወጣ ከሆነች በነጠላ ጫማ ትጨርሰዋለች። ቤቶቹ ጭቃ ጡብ ናቸው፣ ቀለሙ ያለው አደባባዩ ላይ በሚሸጠው ሽመናና ብርድ ልብስ ነው፣ እናትሽ ሸማኔ ታውቅ ከሆነ ከዛ አታስነሷትም።

ኡዩኒን በተመለከተ፣ ትልቅነቱስ እውነት ነው፣ 10,582 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው በዓለም አንደኛ። ግን 3,656 ሜትር ነው፣ ደግሞ እዛው ከፍታ ላይ ነው የሚታደረው። መስታወቱ የሚታየው ዝናብ ወርዶ ውሃ ሲተኛበት ነው፣ እሱም ከታህሳስ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በናንተ ሰዓት እዛ ክረምት ነው፣ የነሱ ክረምት ደግሞ ደረቅና ብርድ እንጂ ዝናብ የለውም፣ ኡዩኒም ሂዱ ሳሊናስ መስታወት የለም። የምታዩት ነጩ መሬት እንደ ማር እንጀራ ተሰነጣጥቆ ነው። ለአጎትሽ ልጅ ይሄን ንገሪው።

ነርሷ

ከኮርዶባ ያልከው ልክ ነው፣ እኔ ከጤናው በኩል ልጨምር።

ሽምብጥ እህቴ፣ መጀመሪያ እኛ ደገኛ ነን እንችለዋለን የሚለውን ነገር እርሱት። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ናት፣ ትንሽ ይረዳል እንጂ ለ4,000 ዋስትና አይሆንም፣ ደግሞ ሰርጉን ብላችሁ ሳልታ 1,150 ላይ ከርማችሁ ነው የምትወጡት፣ የነበረውም ልምድ ይቀንሳል። 4,170 ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባህር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ዳገት የምትወጣ ጎበዝ መሆኗም አይከላከልላትም፣ ከፍታ ጎበዝ ሰነፍ አይልም፣ እንዲያውም ጎበዞቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚራመዱ ነው የሚታመሙት።

ግፊት አለባት ማለት አትሄድም ማለት አይደለም። ግፊቷ ሳይስተካከል አትሄድም ማለት ነው። ከመሄዳችሁ ወር ቀደም ብሎ የሚከታተላት ሐኪም ጋ ውሰዷትና የምትሄዱበትን ከፍታ በቁጥር ንገሩት፣ "ተራራማ አገር ነው" ብቻ አትበሉ። ከፍታ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊት ከፍ ይላል፣ ስለዚህ መለኪያውን ያዙ ጠዋት ማታ ለኩላት፣ ኪኒኑ አንድም ቀን እንዳይዘለል። ዳያሞክስ የሚባል ለከፍታ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ፣ የሚያሸና ነው፣ የግፊት ኪኒኗም የሚያሸና አይነት ከሆነ ሁለቱ ይደራረባሉ፣ ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት አለርጂም ካለባት ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በሶስት ቀን በተባለው አይነት ከሄዳችሁ ምናልባት ላያስፈልጋትም ይችላል፣ እሱ ይወስን።

ምን ይሰማታል ብትይኝ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው፣ እዛው ቁጭ ብሎ ካልተሻላት መውረድ ነው። ቁጭ ብላ እያለች ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ንግግሯ ከተምታታ ግን ትንሽ እንይ ምናምን የለም፣ ወዲያው ወደ ታች። ኦክስጅን ፍለጋ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ መውረዱ ነው መድኃኒቱ።

አሁን ደግሞ ማንም ያላነሳው ነገር፣ ጾሙ። ምግቡን አይደለም የምለው፣ ውሃውን ነው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማትቀምስ ከሆነ፣ አየሩ በጣም ደረቅ ነው፣ ጥማቱ ሳይሰማ ሰውነት ይደርቃል፣ ኪኒኑን በምን ትውጣለች? ስለዚህ ከአገር ሳትወጡ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ። መንገደኛና ህመምተኛ ምን እንደሚባል እሳቸው ያውቃሉ፣ እሷ ከልጇ አፍ አትሰማም ከሳቸው ግን ትሰማለች። እኔ ጋ የሚመጡ እናቶች ሁሉ እንደዛ ናቸው።

ሃይሩፍ

እኔ አርጀንቲናን በኳስ እንጂ በመንገድ አላውቀውም፣ ዳገት ግን አውቃለሁ። የባህር ዳር ጎንደር ደባርቅ መስመር ላይ ነው ያረጀሁት።

ለንጽጽር ይሆናችሁ ዘንድ፣ ጨዉ 3,450 ካለ ስሜን ተራሮች ላይ ካለው ሳንካበር (3,250) ከፍ፣ ከጨነቅ (3,620) ዝቅ ያለ ነው። 4,170 የተባለው ደግሞ ቧሂት ስር መንገዱ የሚሻገርባት አካባቢ ማለት ነው። ሰው ይዤ ስሜን ስወጣ ያየሁት፣ ጨነቅ ላይ መኪናው ቆሞ በሩ ሲከፈት ዘሎ የሚወርደው ወጣት ነው የሚያስታውከው፣ ባልቴቶቹ ቀስ ብለው ወርደው ቀስ ብለው ይመለሳሉ ምንም አይሆኑም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ ቢሆን እማማን አንድ ቀን ደባርቅ አሳድሩና ላይ ወጥተው ይዩት እላችሁ ነበር፣ አሁን ግን ለሙከራ ተብሎ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም።

ስለ መኪናው። ከፑርማማርካ 2,324 ተነስቶ 4,170 መውጣት 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ። ባህር ዳር ራሷ ከባህር ጠለል ያላት ከፍታ ያን ያህል ነው እኮ። ሙሽራው በትንሽ የቤንዚን መኪና ጭኗችሁ ከሆነ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው፣ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ከጉልበቱ ሲሶው ገደማ ይጠፋል፣ እሳት የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንስ ነው። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ማርሽ መቀነስና መታገስ ነው። ተርቦ ያለው ናፍታ ከሆነ ብዙም አይሰማችሁ። መውረዱ ላይ ነው ሹፌር የሚለየው፣ ሊማሊሞን የወረደ ያውቀዋል፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። በነሱ ክረምት ጠዋት ጠዋት ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ፀሐይ ወጥቶ መንገዱ ሲሞቅ ተነሱ። ነዳጅ ጁጁይ ከተማ ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ፣ ጨዉ ላይ ማደያ አትጠብቁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ፣ የታሸገ ነገር ሁሉ ላይ ሲወጣ ያብጣል። የቺፕስ ፌስታል ፊኛ ይሆናል፣ የቅባት ጠርሙስ ክዳኑን ስትከፍቱት ልብሳችሁ ላይ ነው። እማማ ቦርሳ ውስጥ ቅባት ካለ ቀድማችሁ ትንሽ ከፍታችሁ አስተንፍሱት።

ሽምብጥ

ወይ ተባረኩ! እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። የነርሷን ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ዝም አለ፣ ኡዩኒም ቀረ።

ሙሽራውን ትናንት በቪዲዮ አወራሁት፣ ሶስት ቀን ስለው ደስ አለው እንዲያውም፣ እሱ እኮ እናንተ ጊዜ የላችሁም ብሎ ነው ያጨቀው። ከኮርዶባ አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ ምግቡን ንገረኝ በደንብ። ሁለተኛ ኦርኖካል የሚባል ባለ 14 ቀለም ተራራ አለ ብሎኛል ከኡማዋካ በላይ፣ እሱስ? ደግሞ ነሐሴ ውስጥ የሆነ የመሬት በዓል አለ፣ መሬት ቆፍረው ምግብ ያበሏታል ይላል፣ እማዬ እዛ ብትገኝ ምን ትላለች ብዬ ፈራሁ።

ከኮርዶባ

ኦርኖካል ለእናትሽ የለም። እይታው ያለበት ቦታ 4,350 ሜትር ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር አቧራና ኮረኮንች ነው፣ ጉዱ ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ታች ወርደው አይተው እንደገና ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው እዛች ዳገት ላይ ነው። ወንድምሽና ሙሽራው ከሰዓት ይሂዱ፣ ብርሃኑም ከሰዓት ነው የሚያምረው፣ አንቺና እማማ ኡማዋካ አደባባዩ ላይ ፀሐይ ሙቁ። ቀትር ላይ እዛ ከሆናችሁ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ስር በር ተከፍቶ የቅዱስ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ምስል ወጥቶ ይባርካል፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። እኔ ትንሽ የልጅ ጨዋታ ይመስለኛል፣ እናቶች ግን ይወዱታል።

እሷ የምትወደውን ልንገርሽ፣ ኡኪያ። ትንሽ መንደር ናት ከኡማዋካ በፊት፣ ብዙ መኪና ዝም ብሎ ያልፋታል። የ1600ዎቹ ቤተክርስቲያን አላት፣ ውስጡ መላእክት ተስለዋል፣ ግን መላእክቱ የዛን ዘመን የስፔን መኮንን ልብስ፣ ባለ ላባ ባርኔጣና ዳንቴል ለብሰው ጠመንጃ ይዘው ነው። አንዱ ባሩድ ሲያጎርስ፣ አንዱ ሲያነጣጥር። በዑራ ግድግዳ ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ እያየች ላደገች ሰው ይሄ ብዙ የሚያስወራ ነገር ነው። ፎቶ ማንሳት እዛ ያስቆጣል ዝም ብላችሁ እዩ። ፑርማማርካም ያለችው ቅድስት ሮዛ 1648 የተሰራች ናት፣ ጣሪያዋ ከቁልቋል እንጨት ነው፣ በዛ አካባቢ ሰው ቁመት ሁለት ሶስት እጥፍ የሚሆን ቁልቋል አለ፣ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይሰነጠቃል፣ ባለ ቀዳዳ ነው።

ምግብ። ስጋ ብቻ ነው የሚበሉት የሚለው ለቦነስ አይረስ ይሁን፣ ሰሜኑ የድንችና የበቆሎ አገር ነው። ኪኑዋ የሚሉት እህል አለ፣ ቀይ ሐምራዊ ጥቁር ድንች አለ፣ ባቄላ አለ። ወጥመዱ ያለው ጾም በሚመስለው ላይ ነው። ኡሚታ ይሏታል፣ በቆሎ ተፈጭቶ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል፣ ስታያት ጾም ናት፣ ውስጧ ግን አይብ አለ። መንገድ ዳር በከሰል የሚጋገረው ቂጣ የከብት ስብ ይገባበታል። ሳምቡሳ የሚመስለው ኢምፓናዳም ሊጡ በስብ ነው። ስለዚህ ሶስት ቃል ያዢ፣ ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ግራሳ። ያለ ስጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ስብ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሆቴል ትታችሁ ካባኛ የሚሉትን ኩሽና ያለው ቤት ተከራዩ፣ ቲልካራ ብዙ አለ። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ከቤት ያዙ፣ አሽጋችሁ በቅጹ ላይ አስመዝግቡ፣ ቅቤና ቋንጣ ግን አትሞክሩ ጉምሩክ ይወስደዋል። ሽሮው እዛ ቶሎ አይበስልም፣ ውሃ ከባህር ዳሩም ባነሰ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ ትንሽ ታገሱት። ዓሳ ደግሞ እርሱት፣ የጣና ሰው መሆናችሁን እዛ ማንም አያውቅላችሁም።

የመሬቷ በዓል ፓቻማማ ነው። ሐምሌ 25 በኛ ነው ዋናው፣ ነሐሴን ሙሉ በየቤቱ ይቀጥላል። መሬት ቆፍረው የተቀቀለ ምግብ፣ ከበቆሎ የሚጠመቅ ቺቻ፣ የኮካ ቅጠል፣ ሲጋራ ያስገቡና ይከድኑታል። ሰዎቹ እሁድ ቤተክርስቲያን የሚሄዱት ራሳቸው ናቸው። ማንም ካልጋበዛችሁ አትጠጉ፣ ከጋበዟችሁ ደግሞ እማማ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ አመስግና ትለፍ፣ አይቀየሙም። ለከፍታ ይረዳል ስለሚሉት ኮካ፣ ቅጠሉን ማኘክና ሻዩን መጠጣት እዛ ሕጋዊ ነው፣ ሾፌሩም ፖሊሱም ጉንጩ አብጦ ታይዋለሽ። ሻዩን ብትቀምስ ነውር የለውም ግን ነርሷ ያለችውን አይተካም፣ አንድም ቅጠል ደግሞ ለሰው ላሳይ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ኤርፖርት ላይ ሌላ ታሪክ ነው።

አሞሌ

እሺ ተሸነፍኩ አልልም ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ጨዉን እንዴት ነው የሚያወጡት? አሳሌ ላይ እኮ በዘንግ ፈንቅለው፣ በመጥረቢያ ጠርበው አሞሌ አድርገው በግመል በርሃሌ ያደርሱት ነበር። መቼም ቆሞ ፎቶ ብቻ አይነሳበትም።

ከኮርዶባ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ድሮ እዛም በመጥረቢያ እየጠረቡ በላማና በአህያ ጭነው ወደ ቆላው ያወርዱትና በበቆሎ ይለውጡት ነበር፣ ከናንተው ጋር አንድ ነው። አሁን ነጩ መሬት ላይ ረጃጅም አራት ማዕዘን ገንዳዎች ይቆፍራሉ፣ ከስር ጨዋማ ውሃ ይሞላዋል፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው ታያላችሁ፣ ፀሐዩና ነፋሱ ሲያደርቀው ንጹህ ጨው ይቀራል እሱን ይዝቃሉ። ሰራተኞቹ ፊታቸውን እስከ አይናቸው ሸፍነው ነው የሚሰሩት፣ ነጩ ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው አገጭና የአፍንጫ ስር ሳይቀር ይቃጠላል። ስለዚህ ሽምብጥ፣ ጥቁር መነጽር ለሁላችሁም፣ ለእማማ ደግሞ ነጠላው በቂ ነው ብላችሁ እንዳትተዉአት፣ ወፍራም ጋቢና ኮፍያ። ፀሐይ እያቃጠለ ነፋሱ ይበርዳል፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

መኪናውን ዝም ብላችሁ ጨዉ ላይ አትንዱት። የአካባቢው ማኅበረሰብ መግቢያ ላይ አስከፍሎ አስጎብኚ ይሰጣችኋል፣ ቅርፊቱ የት እንደሚሳሳ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ገንዘቡም ለነሱ ነው። መንገድ ላይ "ሊትየም አይሆንም፣ ውሃ ይሁን" የሚል ጽሁፍ ታያላችሁ። ከጨዉ ስር ያለው ውሃ ውስጥ ለባትሪ የሚሆነው ሊትየም አለ፣ ለማውጣት ያንን ውሃ ስበው ማትነን ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ ለበጋችንና ለላማችን የሚቀረው ውሃ የቱ ነው ይላሉ። ጣና ዳር ቆሞ እምቦጭ የነቀለ ሰው ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። 2023 ላይ የክልሉ ሕገ መንግሥት ሲቀየር በዚሁ በመሬትና በውሃ ጉዳይ ተነስተው ፑርማማርካ መገንጠያው ላይ መንገድ ዘግተው ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ይዘጋል፣ ሙሽራው ጠዋት ሬዲዮ ሰምቶ ይነሳ።

ሽምብጥ

እማዬ ጠመንጃ የያዘ መልአክ ሲባል ሰምታ ከጨዉ በፊት እሱን ነው የማየው አለች፣ በቃ እሱ ተያዘ። ንስሐ አባቷን እሁድ እናገኛቸዋለን፣ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አስይዣለሁ።

ነርሷ የመጨረሻ ጥያቄ፣ 4,170ዋ ላይ ከፍታው የተጻፈበት ድንጋይ አለ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል ይላል ሙሽራው። እማዬም ልነሳ ትላለች። ትውረድ ወይስ ከመኪና አትውጣ?

ነርሷ

በሁለተኛው ቀን ኡማዋካ ውላ ሌሊቱን ደህና ከተኛች፣ ጠዋትም ራስ ምታት ከሌላት ትውረድ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከመኪናው ተጣድፋ አትነሳ፣ ክንዷን ያዟት፣ ለፎቶ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ አታመላልሷት። ሊፓንን ስትመለሱም ታልፉባታላችሁ፣ ስትሄዱ ነፋስ ከሆነ ስትመለሱ ትነሳ።

ሃይሩፍ

ደግሞ መኪናው ዳገት ላይ ነው የሚቆመው፣ የእጅ ፍሬን ብቻ አይበቃም፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ያጥፋው።